የኖርድሊንገን ቅጥር ሳይፈርስ እንዴት ቀረ?

መንገደኛው (ክሩን የከፈተው)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ባለፈው ቅዳሜ ልትጠይቀኝ የመጣችውን ታላቅ እህቴን ይዤ ከአውግስቡርግ በባቡር ወደ ኖርድሊንገን ሄጄ ነበር። ኖርድሊንገን በባቫርያ ምዕራባዊ ጫፍ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ከመካከለኛው ዘመን የተረፈው ቅጥሯ ዛሬም አንድም ቦታ ሳይቋረጥ ከተማዋን እንደ መቀነት ዞሯታል። ርዝመቱ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከላይ በኩል ጣሪያ ያለው የዘብ መመላለሻ ስላለው ዝናብ ሳይነካን ከተነሣንበት በር ተነሥተን ዞረን እዚያው በር ላይ ወረድን። በአንድ ወገን ወደ ውጭ የሚያሳዩ ጠባብ የመተኮሻ ቀዳዳዎች አሉ፤ በሌላው ወገን ደግሞ የሰው ጓሮ፣ የተሰጣ ልብስ፣ የተከመረ ማገዶ፣ አንድ ቦታም መስኮቱን ከፍቶ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ይታያል። እህቴ በመገረም «ይህ ምሽግ ነው ወይስ የሰው ቤት በረንዳ?» ስትል ጠየቀችኝ፤ የምመልስላት አጣሁ።

እንግዲህ ሦስት ጥያቄዎች አሉኝ። አንደኛ፣ በርካታ የጀርመን ከተሞች ቅጥራቸውን አፍርሰው መንገድ ሲያደርጉት ይህቺ ከተማ ሙሉውን እንዴት አቆየችው? ሁለተኛ፣ ከቅጥሩ ውስጠኛ ገጽ ጋር ተጣብቀው የተሠሩት ትናንሽ ቤቶች ምንድን ናቸው? ሦስተኛ፣ በባቡር አብሮን የተሳፈረ አንድ ሰው «የከተማዋ ድንጋይ አልማዝ አለበት» ብሎ አጫወተን፤ ይህ እውነት ነው ወይስ ለእንግዳ የሚነገር ወሬ?

የታሪክ ወዳጅ

ወንድሜ መንገደኛው፣ ጥያቄዎ ከልብ ደስ አሰኝቶኛል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገርና ከመጀመሪያው ልነሣ።

ኖርድሊንገን በ1215 ከሬገንስቡርግ ጳጳስ እጅ ወጥታ በንጉሥ ፍሪድሪክ ሁለተኛ ሥር የገባች ከተማ ናት። የመጀመሪያው ቅጥሯ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ያ ቅጥር የለም፤ ነገር ግን የከተማዋን ካርታ አውጥተው ቢመለከቱ በመካከሏ ክብ ሠርተው የሚዞሩ ጎዳናዎችን ያያሉ። የመጀመሪያው ቅጥር ያለፈው በዚያ ነበር፤ ድንጋዩ ቢነሣም ቅርጹ በጎዳናዎቹ ላይ ታትሞ ቀርቷል። ከ1219 ጀምሮ በጽሑፍ የሚታወቀው የበዓለ ሃምሳ ገበያዋ ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚስብ ስለነበረ ከተማዋ በፍጥነት አደገች፤ ሸማኔውና ቆዳ ፋቂው ከቅጥሩ ውጭ ሰፈር ሠራ። በ1327 ንጉሠ ነገሥት ሉድቪግ ዘባቫርያ እነዚያን የውጭ ሰፈሮች የሚያቅፍ አዲስ ቅጥር እንዲሠራ አዘዘ። የከተማዋ ስፋት በአራት እጥፍ ያህል ያደገው ያን ጊዜ ነው። እርስዎና እህትዎ የዞራችሁበት ይህ ሁለተኛው ቅጥር ነው።

ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ አብዛኛው ሰው «ለጦርነት» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ሙሉ አይደለም፤ ጦርነት በየትውልዱ ምናልባት አንድ ጊዜ ሲመጣ በሩ ግን በየቀኑ ጠዋት ይከፈታል፣ በየቀኑ ማታ ይዘጋል። ወይን የጫነ ጋሪ፣ ጨው የጫነ ፈረስ፣ ለገበያ የሚነዳ በሬ ሁሉ በአምስቱ በሮች በአንዱ ከማለፍ በቀር ሌላ መግቢያ የለውም። ስለዚህ በሩ ኬላ ነበር። ቀረጥ የሚሰበሰበው፣ የመጣው እንግዳ ማንነቱ የሚጠየቀው፣ ለማኝና በሽተኛ የሚመለሰው እዚያ ነው። ቅጥሩም የሕግ ወሰን ነበር፤ በብዙ የጀርመን ከተሞች ከጌታው ሸሽቶ የመጣ ገባር ጌታው ሳይጠይቀው አንድ ዓመት ከአንድ ቀን በከተማው ከኖረ ነፃ ሰው ይሆናል የሚል ሥርዓት ነበረ። ከግንቡ ወዲያ የመስፍኑ ገባር፣ ከግንቡ ወዲህ የከተማው ነዋሪ ማለት ነው።

ይህ ወሰን ለሁሉም እኩል አልነበረም። በስተሰሜን ያለችው የሮተንቡርግ ከተማ ለምሳሌ በ1520 አይሁድ ነዋሪዎቿን በሙሉ አስወጥታለች። ቅጥር ያቀፈውን ብቻ ሳይሆን በር የዘጋበትንም ማስታወስ ተገቢ ይመስለኛል።

ወደ አንደኛው ጥያቄዎ ስመለስ፣ አጭሩ መልስ ድህነት ነው። በ1634 መስከረም ወር ከከተማዋ ደቡብ ባሉት ኮረብታዎች ላይ በሠላሳው ዓመት ጦርነት ከታወቁት ውጊያዎች አንዱ ተደረገ። የንጉሠ ነገሥቱና የስፔን ሠራዊት ከተማዋን ከበው ሳሉ ሊታደጋት የመጣው የስዊድን ሠራዊት ተሸነፈ፤ የጦር አዛዡ ጉስታቭ ሆርን ተማረከ፤ ከተማዋም እጇን ሰጠች። ከዚያ በኋላ የቀድሞ ሀብቷ አልተመለሰም። ያልበለጸገ ከተማ ከቅጥሩ ውጭ ሰፈር አይሠራም፣ ቅጥሩም አይጠበውም። ቅጥሩ የቆየው የሚያፈርሰው ምክንያት ስላልመጣ ነው።

ጥበበ ድንጋይ

እኔ በዚህ አገር የቆዩ ሕንፃዎችን በማደስ ሥራ ላይ የተሰማራሁ ግንበኛ ስለሆንኩ የድንጋዩን ነገር ለእኔ ተዉልኝ።

አልማዙ እውነት ነው፤ ሀብት ግን አይደለም። ኖርድሊንገን የተቆረቆረችው ከ15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከሰማይ የወደቀ ግዙፍ አለት በፈጠረው፣ ስፋቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ሰፊ ጎድጓዳ ሜዳ ውስጥ ነው። ሜዳው ሪስ ይባላል። ሰዎች ለረጅም ጊዜ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በ1960 ዩጂን ሹሜከርና ኤድዋርድ ቻኦ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በድንጋዩ ውስጥ ኮሳይት የሚባል፣ ከመጠን ባለፈ ግፊት ብቻ የሚፈጠር ማዕድን አግኝተው ከሰማይ የመጣ ምት መሆኑን አረጋገጡ። በ1970 የአፖሎ 14 ጠፈርተኞች ወደ ጨረቃ ከመሄዳቸው በፊት ድንጋይ ለይቶ መልቀም የተማሩትም እዚያው ነው።

በዚያ ምት ቀልጦና ተፈርክሶ እንደገና የተጋገረው ድንጋይ ሱቪት ይባላል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መሠራት የጀመረው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ከነማማው የታነጸው በዚህ ድንጋይ ነው። በውስጡ ያሉት አልማዞች ከአሸዋ ቅንጣት ያነሱ፣ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታዩ ናቸው። ስለዚህ የባቡር ወዳጃችሁ አልዋሸም፤ መዶሻ ይዞ የሚሄድ ሰው ግን ከአቧራ በቀር የሚያገኘው የለም።

ከአልማዙ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ያ ጣሪያ ነው። የመካከለኛው ዘመን ቅጥር በአብዛኛው ድፍን ድንጋይ አይደለም። ከውጭና ከውስጥ ሁለት የተጠረበ ገጽ ይገነባል፤ በመካከላቸው ደግሞ ፍርስራሽ ድንጋይና የኖራ ጭቃ ይሞላል። የዚህ ዓይነት ግንብ ትልቁ ጠላት መድፍ ሳይሆን ውኃ ነው። ዝናብ ከላይ ገብቶ መሙያውን ያረጥበዋል፤ በክረምት ውኃው በረዶ ሆኖ ያብጣል፤ ሁለቱ ገጾች ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ አንድ ቀን ማለዳ አሥር ሜትር ግንብ መንገድ ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። በኖርድሊንገን ግን ለዘቡ ተብሎ የተሠራው ጣሪያ የግንቡንም አናት እንደ ቆብ ሸፍኖታል። መንገደኛው «ዝናብ ሳይነካን» ሲሉ የጻፉት የግንቡም ዕድል ነው። ጣሪያውን በየጊዜው መጠገን ያላቆሙ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ድህነቱ ብቻውን ቅጥሩን ለእኛ ባላደረሰው ነበር።

ተለጥፈው የተሠሩት ትናንሽ ቤቶች በአካባቢው ሰዎች አጠራር ካዛርመን ይባላሉ፤ ስሙ ከወታደር መኖሪያ ጋር የተያያዘ ነው። ቀስ በቀስ አቅም የሌላቸው ሰዎች መኖሪያ ሆኑ። ምክንያቱ ለግንበኛ ግልጽ ነው፤ የከተማው ቅጥር የቤቱን የጀርባ ግድግዳ ስለሚሆንለት፣ ደሃው የሚሠራው ሦስት ግድግዳ ብቻ ነው።

ተጠራጣሪው

ለየታሪክ ወዳጅ ካለኝ አክብሮት ጋር፣ «ያቆየው ድህነት ነው» የሚለውን አባባል አልቀበለውም። ደሃ ከተማ የተጠረበ ድንጋዩን ይሸጣል፤ ደሃ ሰው የቤቱን መሠረት ከተጣለ ግንብ ይለቅማል። በአውሮፓ ሁሉ የተረሱ ግንቦች ድንጋይ የሚወሰድባቸው ክምሮች ሆነው ጠፍተዋል። ቅጥር የሚቆየው አንድ ሰው ወይም አንድ ምክር ቤት «አይፈርስም» ሲል ነው።

ሦስት ምሳሌ ልስጥ። በባቫርያ ንጉሥ ሉድቪግ ቀዳማዊ በ1826 የከተማ ቅጥሮችና ማማዎች እንዳይፈርሱ ከልክሏል፤ የኖርድሊንገን ጎረቤት ዲንክልስቢውል ማማዎቿንና አራት በሮቿን ይዛ የቆየችው በዚህ ምክንያት ነው። በሉቤክ ደግሞ ከ1464 እስከ 1478 የተሠራው ዝነኛው የሆልስተን በር ረግረግ መሬት ላይ ስለቆመ ሁለት ማማዎቹ አጋድለው ነበር። ለባቡር ጣቢያው መንገድ ይጠርግ ተብሎ ክርክር ከተደረገ በኋላ በ1863 የዳነው በአንድ ድምፅ ብልጫ ነው። ሉቤክ ሀብታም የንግድ ከተማ ናት፤ ቢሆንም በሩን አቆየችው። ኮሎኝም ሀብታም ነበረች፤ ከ1881 ጀምሮ ግን የመካከለኛው ዘመን ቅጥሯን ከጥቂት በሮች በቀር አፍርሳ በቦታው ዛሬ «ሪንግ» የሚባለውን ሰፊ ክብ ጎዳና ዘረጋች። ሁለቱም ሀብታም ሆነው ሳለ የተለያዩት በውሳኔያቸው ነው።

የታሪክ ወዳጅ

ተጠራጣሪው ያነሡት የሉቤክ ምሳሌ ሚዛን የሚደፋ ስለሆነ «ድህነት ነው» ብዬ መቁረጤን አነሣለሁ። ሆኖም አንድ ነገር ልጨምር። በ1849 የባቡር ሐዲድ ወደ ኖርድሊንገን ሲደርስ ጣቢያው የተሠራው ከቅጥሩ ውጭ በምሥራቅ በኩል ነው። በሌሎች ከተሞች ጣቢያው የቅጥሩ ሞት የሆነው ከጣቢያው እስከ ገበያው ባለው መስመር ላይ የሚንቀሳቀሰው ሰውና ዕቃ በጠባቡ በር አላልፍ ስላለ ነው። ኖርድሊንገን ውስጥ ግን የሚያልፈው ጋሪ ቁጥሩ ጥቂት ስለነበረ የዳይኒንገር በር በቃው። ስለዚህ እንዲህ ልበል፦ ክልከላው ቅጥሩን ከሚፈርስበት አንድ ቀን አዳነው፤ የከተማዋ ቀስ ብሎ ማደግ ደግሞ ክልከላውን ለመሻር የሚገፋፋ ሰው እንዳይኖር አደረገ። ሁለታችንም ግማሽ ግማሹን ይዘናል።

ደግሞም ሁሉም ነገር አልዳነም። የባልዲንገር በር ማማ በ1703 ወድቆ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም፤ በሩ ዛሬ ከአራቱ ወንድሞቹ አጥሮ የሚታየው ለዚህ ነው። በዕድሜ ከሁሉ የቆየው የራይምሊንገር በር ሲሆን፣ የሎፕሲንገር በር ማማ ግን በጣም ዘግይቶ፣ ከ1592 እስከ 1594 ቮልፍጋንግ ቫልድበርገር በተባለ የከተማዋ የሕንፃ ሥራ አለቃ እጅ የተሠራ ነው። መካከለኛው ዘመን አልፎ መድፍ ነገሩን ሁሉ ከለወጠ በኋላ መሆኑ ነው። የቅጥሩን ታሪክ የሚያሳየው ሙዚየምም ዛሬ በዚያው ማማ ውስጥ ይገኛል። መንገደኛው ሳይገቡበት አልፈው ከሆነ ተመልሰው ቢሄዱ አያስቆጭም።

ወለተ ማርያም

ስለ ሎፕሲንገር በር ከተነሣ የዐሣማዋን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልቻልኩም። እንደ አፈ ታሪኩ በ1440 የጎረቤቱ የኦቲንገን መስፍን የበሩን ጠባቂዎች በገንዘብ ደልሎ በሩን በሌሊት ሳይቆልፉ እንዲተዉለት ያስማማቸዋል። በዚያው ምሽት አንዲት ሴት በመንገድ ስታልፍ አንድ ዐሣማ ጀርባዋን ከበሩ ጋር ስታሽ፣ በሩም ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ታያለች። ሴትዮዋም «ሶ፣ ግዜል፣ ሶ!» ብላ ጮኸች ይላሉ፤ በእኛ አነጋገር «እንዲህ ነው ለካ፣ ባልንጀራዬ!» እንደ ማለት ነው። ከተማው ነቃ፣ ሤራው ተጋለጠ፣ ጠባቂዎቹም በሞት ተቀጡ።

ዛሬም በየምሽቱ ከአራት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ በየግማሽ ሰዓቱ የማማው ዘበኛ፣ ቁመቱ 90 ሜትር ከሚሆነው የቅዱስ ጊዮርጊስ ማማ ላይ ሆኖ ይህንኑ ቃል ወደ ከተማው ይጣራል። ማማውን ነዋሪዎቹ ዳንኤል ይሉታል፤ ወደ ላይ 350 ደረጃ አለው። የሚናገረው ማማው ብቻ ነው እንጂ ከታች የሚመልስለት በረኛ አሁን የለም። እኔ ዐሣማዋን ማመን አለብኝ ባልልም፣ አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያስቀኛል፦ ያን ያህል ድንጋይ ተከምሮ፣ ያን ያህል ዘመን ተደክሞበት፣ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ሁለት ደመወዛቸው ያነሰ ሰዎች በያዙት አንድ ቁልፍ ላይ ነበር።

የጀጎል ልጅ

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ሐረር ስለሆነ ይህን ክር ሳነብ ዝም ማለት አቃተኝ። የጀጎልም የጥንት በሮች አምስት ናቸው። በአሚር ኑር ዘመን በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንደታጠረ ይነገራል። ሁለቱን የሚያገናኝ ታሪክ የለም፤ የበሮቹ ስም ግን ትኩረቴን ሳበው። የታሪክ ወዳጅ ቢያረጋግጡልኝ ደስ ይለኛል፦ ራይምሊንገር፣ ሎፕሲንገር፣ ዳይኒንገር የሚሉት ስሞች የመንደር ስሞች ናቸውን? እኛ ሸዋ በር ስንል ወደ ሸዋ የሚያወጣ፣ ኤረር በር ስንል ወደ ኤረር የሚያወርድ ማለታችን ነው።

የታሪክ ወዳጅ

በትክክል ነው የያዙት። ራይምሊንገን፣ ሎፕሲንገን፣ ዳይኒንገንና ባልዲንገን በዙሪያው ያሉ መንደሮች ናቸው፤ አራቱ በሮች ስማቸውን ያገኙት ከእነሱ ነው። ስሙን ያወጣው ከውስጥ ወደ ውጭ የሚመለከት ሰው ነው፤ ከመንደሩ ለሚመጣው ገበሬማ በሩ ሁሉ «የከተማው በር» ነው።

ሰላም ከፍራንክፈርት

እኔ በሚቀጥለው ወር ከልጆቼ ጋር ወደዚያ አካባቢ ለመሄድ አስቤአለሁ። ጊዜያችን ለአንድ ከተማ ብቻ ይበቃል። ሁሉም ሰው ሮተንቡርግን ይላል፤ እናንተ ደግሞ ኖርድሊንገንን አወደሳችሁ። የትኛው ይሻላል? ሮተንቡርግ በጦርነቱ ወድማ እንደ አዲስ የተሠራች «ማስመሰያ» ናት የሚባለውስ ልክ ነው?

ጥበበ ድንጋይ

«ማስመሰያ» የሚለው ቃል ግፍ ነው። መጋቢት 31 ቀን 1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ሮተንቡርግን ደብድበው የምሥራቁን ክፍል አቃጥለዋል። ዘጠኝ ማማዎችና ከ600 ሜትር በላይ ቅጥር ወድሟል። የምዕራቡና የደቡቡ ክፍል በአብዛኛው ተርፏል። የፈረሰው ክፍል የታደሰው ከዓለም ዙሪያ በመጣ መዋጮ ሲሆን፣ በቅጥሩ ላይ ሲሄዱ የሰጪዎቹን ስም የያዙ ድንጋዮች በየሜትሩ ይታያሉ፤ ብዙዎቹ ከጃፓንና ከአሜሪካ ናቸው። እንደ ግንበኛ የምወደው ይህንን ነው፤ አዲሱ ድንጋይ አሮጌ ነኝ ብሎ አይዋሽም፣ ስሙን በግንባሩ ጽፎ ቆሟል።

ልጆች ካሉ ሮተንቡርግ ሁለት ነገር አላት። በምዕራብ በኩል ባለው የቡርግ በር ትልቁ መዝጊያ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ትንሽ በር አለ፤ ማታ ለዘገየ ሰው ከተማውን ሁሉ ሳይከፍቱ እሱን ብቻ ለማስገባት የተሠራ ነው። ከዚያው በላይ አፏን የከፈተች የድንጋይ ፊት አለች፤ ትኩስ ዝፍት በጠላት ላይ የሚፈስባት ነበረች። በደቡብ ጫፍ ባለው የሽፒታል በር ላይ ደግሞ በላቲን «ለሚገቡ ሰላም፣ ለሚወጡ ደኅንነት» የሚል ተጽፏል።

ሆኖም ጥያቄዎ «አንድ ብቻ» ከሆነ፣ ሳይወርዱ ሙሉውን ክብ መዞር የሚቻለው በኖርድሊንገን ነው። ልጆች ደግሞ የጀመሩበት ቦታ ተመልሰው ሲደርሱ የሚሰማቸው ደስታ አለ።

ተጠራጣሪው

ጥበበ ድንጋይ ባሉት እስማማለሁ፤ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። መመላለሻው በአንዳንድ ቦታ ጠባብና ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ የልጅ ጋሪ ይዞ መውጣት አይቻልም። ጋሪ ከያዙ ከቅጥሩ ውጭ በቀድሞው ጉድብ ቦታ ያለውን አረንጓዴ መሄጃ ይጠቀሙ፤ ማማዎቹን እንደ ጠላት ከታች ወደ ላይ ማየት የራሱ ጥቅም አለው።

መንገደኛው (ክሩን የከፈተው)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሳችሁን ለእህቴ በስልክ አነበብኩላት። የድህነቱንና የንጉሡን ክርክር በጸጥታ ካዳመጠች በኋላ «ሦስት ግድግዳ» የሚለው ላይ ስትደርስ ሳቀች፤ እኛም ልጆች ሳለን የአባታችን ወጥ ቤት ከጎረቤት አጥር ጋር ተለጥፎ የተሠራ ነበርና።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻዬን እመለሳለሁ። ባለፈው ጊዜ በምሽቱ ባቡር ስለተመለስን ጥሪውን አልሰማንም። በዚህኛው ግን እዚያው አድሬ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት በሎፕሲንገር በር ሥር ቆሜ እጠብቃለሁ። ወለተ ማርያም ከታች የሚመልስ የለም ብለዋል፤ ድምፄ ይደርስ እንደሆነ እኔ እሞክራለሁ።